አርባ አንድ ነጥብ ሦስት

ሉማሜ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ፣
አንድ ቆርቆሮ አለ፣ አፉን ወደ ላይ መክፈት ለምዶ፤
ከብት እንዳይነካው በሽቦ ታጥሮ፣
ሰማይ የሚጠጣ፣ ለራሱ አንድ ጉንጭ ሳያስቀር ቆጥሮ።

ጠባቂው አያ አንማው፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣
ዝናብ ቢጥል ባይጥል፣ ክት ለብሰው እንደ ሰንበት፣
ብልቃጧን ከፍ አድርገው ካይናቸው ትክክል፣
ያነቡ ነበረ፣ ደብዳቤ ይመስል።
ለሌላው ሰው ዝናብ፣ ለሳቸው ግን ቁጥር፤
ከጻፉት በኋላ ይደፉታል ከምድር።
ሌላ አይጨምሩም። «ከበድ ያለ» እንኳ፣
«ደስ የሚል»፣ «የሚያስፈራ»፣ አይጻፍም ለካ።

እኔ የምወደው ወጀብ ነው። ካፊያ ማን ይወዳል?
ጮቄ ከወገቡ ሲጠቁር ልቤ ቀድሞ ይረዳል።
መጀመሪያ ነፋሱ ይቆማል። ባሕር ዛፍ ቅጠሉን ያዞራል፤
ዶሮዋ ጫጩቷን ትሰበስባለች፣ ዝንብ ዝቅ ብሎ ይበራል።
ከዚያ ያ ሽታ፣ አቧራውን ጠብታ ሲነካው፤
ቃል የለኝም ለሱ፣ አፍንጫ ነው የሚያውቀው።
ከዚያ የከተማው ጣሪያ ሁሉ ባንድ አፍ ይጮኻል።
«ግቢ!» ትላለች እናቴ፤ አፏን አያለሁ፣ ድምፅ አልሰማም፤
ከመብረቅ እስከ ነጎድጓድ እየቆጠርኩ፣ ለመግባት አልስማማም።

ያን ጳጉሜን ግን በረዶ ጣለ፤ ግቢው ጥጥ የተነደፈበት መሰለ፤
እጄን ዘረጋሁ፣ አመመኝ፣ ሳቅሁ፣ ልቤ ከደስታ ዘለለ።
ሃያ ደቂቃ ነው የቆየ። ከዚያ ፀሐይ፣ ከዚያ ዝምታ፤
ከዚያ ሰው ወደ ማሳው፣ አንድ ባንድ፣ ያለ ሰላምታ።
የአያ አንማው ስንዴ መንገድ ዳር ነበር። ሊያሽት ሲል፣ አገዳው ብቻ ቀርቶ፣
ዛላው ጭቃ ውስጥ ተኝቶ።
እትዬ ይታይሽ ከዳሩ ቆመው፣ ነጠላቸውን ነክሰው፣
አንድ ዛላ አነሡ፣ አዩት፣ ጣሉት መልሰው።

በማግስቱ፣ በሦስት ሰዓት፣
«አርባ አንድ ነጥብ ሦስት» ጻፉ፤ እጃቸው አልተንቀጠቀጠ፤
በሽቦው ቀዳዳ ሳይ፣ የኔ ሆድ ተገለበጠ።
«አያ፣ ስንዴውስ? የቱ ሥር ነው የሚጻፍ?»
ብዕራቸውን ከደኑ። «ለስንዴ የለውም ረድፍ።
ይኸ የአየር ሁኔታ ነው፤ መጣ፣ አየሽው፣ ሄደ፤
ንብረቱን የምታይው ሠላሳ ክረምት ከነጎደ።»

ንብረት? ንብረት ለኔ ላም ነው፣ ጎተራ፣
ወንድማማች የሚያካስስ፣ በውርስ የሚጠራ።
አየርስ የማን ንብረት ነው? ማን አጠረው? ማን ገበረ?
የቄስ ትምህርታቸው መጣና፦ «ከግዕዙ ነው፣ ከ‹ነበረ›።
ነበረ፦ ተቀመጠ። ሁኔታ እንግዳ ነው፤ በር ደብድቦ፣ ፎክሮ ያልፋል፤
ንብረት ባለቤቱ ነው፤ ዝም ብሎ፣ ከምድጃው ጥግ፣ ያንቀላፋል።»

አሁን ብልቃጧ በእጄ ናት። እሳቸው ከመድኃኔዓለም ግቢ አርፈዋል፤
ሠላሳ አንድ ደብተር ትተው፣ ጥቂቱን አይጥ ቀምሶታል።
አንድ ሌሊት ደመርኩ፣ አካፈልኩ፣ ዓመት ከዓመት፤
የሰኔ መግቢያው ዝናብ ዘጠኝ ቀን ሸሽቷል፣ ማንም ሳይነቃበት።
ዘጠኝ ቀን! ነጎድጓድ የለው፣ መብረቅ የለው፣ ሽታ የለው፤
ሌሊት ሌሊት ድንበር በስንዝር የሚገፋ ጎረቤት ነው።
በር ላይ ቆሞ አማካይ ሲመጣ ያየ ማን አለ?
«ኑ እዩ፣ ዘጠኝ ቀን ሲያልፍ!» ብሎ የጮኸ፣ ልጁን ያዘለ?

ዛሬም ጮቄ ጠቆረ። ልጄ ደጃፍ ናት፣ በጭቃ እግሯ፤
«ግቢ!» እላለሁ፤ ድምፄን ወጀቡ በላው፣ ውሃ ያወርዳል ፀጉሯ።
ልቆጣት ወጣሁ። ወጣሁና፣ እጇን ይዤ ቆምኩ። ቆጠርን፤
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት ሳንል ምድር ተናወጠች፣ ጮህን።

ነገ በሦስት ሰዓት ቁጥሩን እጽፋለሁ በቀለም፤
ከጎኑ ግን፣ በእርሳስ፣ ረድፍ በሌለበት፦
«ስንዴው ገና ቡቃያ ነው። አልገባሁም።»